ስም የሌለው ቀመር

መምህር መድኃኔ ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ቀበሌ ባልፈለገው ነበር። ክፉ እንደሆነ የራሳቸው ሞልቷቸዋል። የፈለጉት ደግነቱን ነው፤ ደግነቱንና አልጀብራውን። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው ዛሬም ከጊዮርጊስ በታች ባለው ሰፈር ስሙ ሲነሳ ከንፈሩን የሚያጣምም ስለማይጠፋ ነው። ከንፈር ማጣመም ቀላል ነው። በዚያ ዘመን እሱ የቆመበት ቦታ ቆሞ ያልተንሸራተተ ካለ ግን ይምጣና እጁን ልሳም።

የዓዲግራት ልጅ ነው። በንጉሡ ጊዜ፣ ገና ጎረምሳ ሳለ፣ ለትምህርት መጥቶ ፒያሳ ቀረ። ማኪያቶ ለማዘዝ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ «ወተት ያለበት ቡና ይኖራችኋል?» ብሎ ስለጠየቀ አራዳዎቹ «ፋራ» ብለው ሳቁበት። ኋላ እነዚያው የሳቁት ልጆቻቸውን እየጎተቱ በሩን ማንኳኳት ጀመሩ። አምስት ኪሎ አጠገብ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምራል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ኮቱ ላይ የጠመኔ ብናኝ የማይጠፋ ሰው ነው። ሚስቱ ምብራት ትባላለች። ከመጀመሪያው ልጇ በኋላ ሦስት ጊዜ ጽንስ ጨንግፎባት ተስፋ ቆርጣለች፤ ስለዚህ ያላቸው አንድ ካሕሳይ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መድኃኔ በረንዳው ላይ በነጻ ያስተምራል። በነጻ ስላችሁ በነጻ ነው! ዕንቁላል በሰፌድ ይዛ የመጣችን እናት እንኳ ከነዕንቁላሏ መልሷታል። መጽሐፍ እንደሆነ የለም። ትምህርት ቤት አንድ የአልጀብራ መጽሐፍ ለአምስት ልጅ ነው የሚደርሰው፣ እሱም ገጹ የተገነጣጠለ። እናም መድኃኔ በገዛ እጁ ሰባት ደብተር ጻፈ፤ ለጀማሪ ከሚሆነው እስከ ማትሪክ ድረስ፣ ጥርት ባለ የእጅ ጽሕፈት። ሕግም አለው። ደብተር የወሰደ ልጅ አንድ ምዕራፍ ገልብጦ ለሌላ ልጅ ይሰጣል። ሲመልስ ደግሞ በመጨረሻው ገጽ ላይ ራሱ ያወጣውን አንድ ጥያቄ ከነአሠራሩ ይጽፋል። በዚህ አኳኋን ሰባቱ ደብተር ሰባ ሆነ ይላሉ። ከደጃች ውቤ እስከ ዶሮ ማነቂያ የማትሪክ ተፈታኝ የሆነ ሁሉ የመድኃኔን ደብተር ያውቃል። ጥያቄዎቹ የሰፈሩ ናቸው። «ከጊዮርጊስ የወረደ አውቶቡስና ከለገሃር የወጣ ታክሲ ቸርችል ጎዳና ላይ የት ይገናኛሉ?» ትላለች አንዷ። አንድ ባለጌ ደግሞ «ከቀበሌያችን ሱቅ በሳምንት ስንት ኪሎ ስኳር ይሰረቃል?» ብሎ ጽፎ፣ መድኃኔ ገጹን ገንጥሎ በላው። ቀልድ አይደለም፣ እዚያው ተማሪዎቹ ፊት አኝኮ ዋጠው። ዘመኑ እንደዚያ ነበር።

ትምህርቱን በቁጥር አይጀምርም፤ በታሪክ ነው የሚጀምረው። «ባግዳድ የሚባል ከተማ አለ» ይላል። «ከሺህ አንድ መቶ ዓመት በፊት እዚያ አልኽዋሪዝሚ የሚባል አንድ የእስላም ሊቅ ተቀምጦ መጽሐፍ ጻፈ። ለምን ጻፈ? ሰው ሲሞት ወራሾቹ እንዳይጣሉ፣ መሬት ሲለካ ድሃ እንዳይበደል፣ ነጋዴና ነጋዴ እንዲተማመኑ። አልጀብር ማለት በነሱ ቋንቋ የተሰበረውን ወደ ቦታው መመለስ ነው፣ ወጌሻ አጥንት እንደሚመልሰው። ሌላም ቃል አለው፣ ሙቃበላ። ይህንን ከዚያ ጋር ፊት ለፊት አቁሞ ማስተካከል ማለት ነው። ከዚህ ወገን ያጎደልከውን ከዚያም ወገን ታጎድላለህ። አለበለዚያ ዋሽተሃል።» ይቺን «ዋሽተሃል» የምትለዋን ሲናገር ጣቱን ያነሳል። ሒሳብ ለእሱ ከሃይማኖት አያንስም ነበር። እንዲያውም ጊዮርጊስ ቅዳሴ ላይ ቆሞ በልቡ እኩልታ ሲፈታ ምብራት ይዛዋለች።

ከተማሪዎቹ ሁሉ ዐይኑ ያረፈው በሙሉዓለም ላይ ነበር። ሙሉዓለም የእትዬ ዘቢደር ልጅ ነው። እትዬ ዘቢደር የአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ናት። ጴንጤ ናት፤ ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ መዝሙሯን በጉሮሮዋ ብቻ ነው የምትዘምረው። ባሏ በሕመም ሞቷል። ሁለቱ ትልልቅ ልጆቿ በፍቃዱና እንዳለ በሰባ ዓመተ ምሕረት፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ፣ ተራ በተራ ከቤት ተወስደው ቀሩ። ሬሳ አልታየም፣ ወረቀት አልመጣም፣ ልቅሶም አልተቀመጠች። ሁለቱም የመድኃኔ ተማሪዎች ነበሩ። የቀራት ይሄ ትንሹ ነው፤ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል፣ ማትሪክ ሊፈተን ጥቂት ወራት የቀሩት። ዩኒቨርሲቲ ከገባ ብሔራዊ ውትድርናው ያልፈዋል። ካልገባ የሰሜኑ ጦርነት አለ።

«እትዬ ዘቢደር፣ ይሄን ልጅ ኮሌጅ ሳላስገባ አልሞትም» አላት መድኃኔ አንድ ቀን በር ላይ አግኝቷት።

«በአደራ ሰጥቼዎታለሁ» አለች።

ቅዳሜ ቅዳሜ ለተማሪዎቹ ሻይ ስኳር የምትልከው እሷ ናት። ስኳር በኩፖን በሆነበት ዘመን ከየት አመጣችው አትሉም? በቀበሌው መዝገብ የእሷ ቤት አራት ሰው ነው፤ እሷና ሦስት ወንዶች ልጆች። የበፍቃዱንና የእንዳለን ስም አላስፋቀችም። ምን ብላ ታስፍቅ? ሞተውብኛል ብላ? ይህን በአንደበቷ ልትናገር ነው? ወር በገባ ቁጥር የአራት ሰው ስኳር ትወስዳለች። የሁለቱን ድርሻ እሷ አትቀምሰውም፣ ለበረንዳው ልጆች ትልከዋለች። ሰፈሩ ይህን ያውቃል፣ መድኃኔም ያውቃል፣ ነውርም አልነበረም። እናንተዬ፣ ያኔ ፒያሳ ውስጥ በቀበሌ መዝገብ የሞተ ሰው የለም! ሱዳን የገባው፣ አገር ቤት የተመለሰው፣ አፈር የለበሰው፣ ሁሉም በየወሩ ሳሙናና ስኳሩን ይወስዳል። ያልተደባለቀ ቢኖር መድኃኔ ብቻ ነው። ምብራት የእህቷን ልጆች ስም እናስመዝግብ ብትለው «ሐሰት አልጽፍም» ብሎ አፈጠጠባት። በእሱ ቤት ስም ላይ የሰፈረው ወጣት ካሕሳይ ብቻ ነበር።

ሁለተኛው ዙር ምልመላ የመጣው በሰባ ስምንት ጥር ላይ ነው። የቀበሌውን ቁጥር አልናገርም፤ ሰዎቹ ልጆች አሏቸው። የመጀመሪያው ዙር መዓት ነበር። ካድሬው ቂም የያዘበትን ቤት ልጅ ላከ፣ ጉቦ የሰጠውን አስቀረ። እናቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የቀበሌው በር ላይ ተኝተው ተራገሙ። የበላይ አካል «ሥርዓት ያዙ» ብሎ ሊቀመንበሩን በሰው ፊት አዋረደው። ሊቀመንበሩ ጓድ ክፍሌ ይባላል፤ ሞኝ አልነበረም። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪን በጎልማሳነቱ የተፈተነው በመድኃኔ ደብተር አጥንቶ ነው። አንድ ቀን ከሥራ መልስ ወደ በረንዳው መጣ።

«መምህር፣ ሠላሳ ስምንት ወጣት አምጡ ተብለናል» አለ፣ ባርኔጣውን አውልቆ። «እንደ አምናው ማንም ማንንም እንዲያማ አልፈልግም። በሳይንሳዊ መንገድ ይሁን። እርስዎን ደግሞ ሰፈሩ ያምንዎታል።»

መድኃኔ ደስ አለው። ለምን እዋሻለሁ፣ ደስ ነው ያለው። ሃያ ዓመት ሙሉ «አልጀብራ ለሰው ልጅ ፍትሕ የተሠራ ነው» እያለ ሲሰብክ ማንም መጥቶ «እስኪ አሳየን» ያለው አልነበረም።

ምብራት ክፍሌ እንደወጣ ብቅ አለች። «እዋእ! ምን አገባህ? የነሱን ጣጣ ለነሱ ተውላቸው። ብትገባም ሠላሳ ስምንት ይሄዳል፣ ባትገባም ሠላሳ ስምንት ይሄዳል።»

«በጉቦና በቂም ከሚሄድ በፍትሕ ይሂድ።»

«እስኪ ይህን ለሚሄደው ልጅ እናት ንገራት» አለችው። መድኃኔ እርሳስ እየቀረጸ ነበር።

የቀበሌው ጸሐፊ በማግስቱ መዝገቡን በብብቱ ይዞ ሲመጣ መድኃኔ ዐይኖቹን በመዳፉ ሸፈነ። «አታሳየኝ! ስም ካየሁ ልቤ ያደላል። በየቤቱ ከዐሥራ ስምንት እስከ ሠላሳ ዓመት የሆነው ወንድ ስንት እንደሆነ፣ ቁጥሩን ብቻ ገልብጠህ አምጣልኝ። የቤት ቁጥርም አልፈልግም።» ጸሐፊው በነገሩ ተገርሞ ለሰው ሁሉ አወራ። መድኃኔም በዚህ ኮራ። የዚህ ሁሉ ጥፋት ሥሩ እዚያች ላይ ነው፤ ስም አላይም ባለባት ላይ። ልቡ እንዳያደላ ብሎ ዐይኑን ጨፈነ፣ ዐይኑን ሲጨፍን ደግሞ ስምንት ዓመት ሙሉ የሚያውቀውን ሁሉ አብሮ ጨፈነው።

ሦስት ቀን ሠራ። አንድ ወንድ ልጅ ብቻ ያለው ቤት አይነካም። ሦስትና ከዚያ በላይ ያለው ቤት አንድ ይሰጣል። ሁለት ያለው ቤት በዕጣ ይወጣለታል። ከቤቱ ማን ይሂድ ለሚለው፣ ታላቁ እናት አባቱን ይረዳል ብሎ «ታናሹ» ብሎ ጻፈ። ባለ ሦስቶቹ ቤቶች ሃያ ሁለት ሆኑ፤ ባለ ሁለቶቹ ሠላሳ ሁለት። የሚፈለገው ሠላሳ ስምንት። ከሠላሳ ሁለቱ ቤቶች ምን ያህሉ ይስጡ? ያልታወቀውን ኤክስ አለው። ሃያ ሁለት ሲደመር ሠላሳ ሁለት ጊዜ ኤክስ፣ እኩል ይሆናል ሠላሳ ስምንት። ሃያ ሁለቱን ከሁለቱም ወገን አነሳ፣ ዐሥራ ስድስት ቀረ። ለሠላሳ ሁለት ሲያካፍለው ግማሽ ወጣ። ንጹሕ ግማሽ፣ ምንም ትርፍራፊ የሌለው! ከሁለት ቤት አንዱ። መድኃኔ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ አየውና ሳቀ። አገላብጦ ሁለት ጊዜ ፈተሸው፣ ከታች ፈረመ፣ ወስዶም ለክፍሌ ሰጠ።

በቀበሌው አዳራሽ ሰፈሩ ተሰብስቦ፣ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሎ ራሱ አስረዳ። ሰዉ አጨበጨበ። በዚያ አዳራሽ ከልብ ተጨብጭቦ አያውቅም፤ ያን ቀን ግን ብዙው ሰው ከልቡ ነበር፣ በተለይ አንድ ልጅ ያለው። ከኋላ አንድ ሰው «የራሱስ ልጅ አንድ አይደል?» ብሎ አጉረመረመ። መድኃኔ አልሰማም። ቢሰማም አይገባውም ነበር፤ ቀመሩን ሲሠራ ካሕሳይ በሐሳቡ አልመጣም። ይህን እኔ አምናለሁ። ሌላው እንደፈለገ።

ዕጣው ዓርብ ወጣ፣ ዝርዝሩም ቅዳሜ ጠዋት ተለጠፈ። መድኃኔ ሊያየው አልሄደም፤ ስም አላይም ብሏላ። ከሰዓት በኋላ ተማሪዎቹን በረንዳው ላይ ሲጠብቅ ሙሉዓለም ከሁሉ ቀድሞ ብቻውን መጣ። አልተቀመጠም።

«ጋሼ፣ ስሜ ወጥቷል።»

«የምን ስም?»

«የቀበሌው ዝርዝር ላይ። ተራ ቁጥር ዐሥራ አንድ።»

«አይሆንም!» አለ መድኃኔ፣ ሻዩን እንደያዘ። «ተሳስተው ነው። አንተ ብቻህን ነህ። አንድ ያለው ቤት አይነካም፤ የጻፍኩት እኔው ነኝ እኮ።»

«በመዝገብ ሦስት ነን፣ ጋሼ።»

ልጁ ይህን ያለው ቀስ ብሎ ነው፣ ታማሚ እንደሚያስታምም ሰው። መድኃኔ በእጁ ያለውን ብርጭቆ አየ። ያጣፈጠው የበፍቃዱና የእንዳለ ስኳር ነበር። ስምንት ዓመት በየቅዳሜው ጠጥቶታል። ብርጭቆውን አስቀምጦ ግንባሩን በሁለት እጁ መታ፣ ደግሞ መታ። የቀበሌው መዝገብ ውሸት መሆኑን ከእሱ በላይ የሚያውቅ ማን ነበር? በአራዳ ሕፃን ልጅ የሚያውቀውን! ቀመሩን በውሸት ቁጥር ሞልቶ እውነት አወጣሁ ብሎ ፈርሞበታል።

«ጋሼ፣ ተዉ እንጂ» አለ ሙሉዓለም እጁን ይዞ። «ቀመሩን እኔም ሠርቼ አየሁት። ትክክል ነው። እርስዎ አልተሳሳቱም።»

ይህን የመሰለ ማጽናናት ለጠላትም አይስጥ። መድኃኔ ኮቱን አንስቶ ወጣ፤ የበረንዳው ልጆች መምጣታቸውን እንኳ አላየም።

ክፍሌ ቅዳሜም ቢሆን ቢሮው ነበር። ወንበር ስቦ አስቀመጠው።

«የዘቢደር ቤት ስህተት ነው» አለ መድኃኔ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «ሁለቱ የሉም። አንተም ታውቃለህ፣ ሁሉም ያውቃል።»

«አውቃለሁ» አለ ክፍሌ። «ግን እስኪ በሥርዓት እንሂድ፣ መምህር። ሁለቱን ከመዝገብ ልፋቃቸው። ምን ብዬ? ሞቱ ብዬ? የሞት ወረቀት ያምጡ። ማን ይሰጣቸዋል? ጠፉ ብዬ? ጠፉ ማለት በዚህ ጊዜ ሸፈቱ ማለት ነው፤ እሳቸውም የሽፍታ እናት፣ ልጁም የሽፍታ ወንድም ሊሆን ነው። በሰባ ነው የሄዱት ልበል? እንግዲያ ስምንት ዓመት የማን ስኳር ነው የሚወስዱት? ይህ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው። የሚያስከትለውን እርስዎ ያውቁታል።»

መድኃኔ እትዬ ዘቢደርን ከማሳሰር በቀር ሌላ መንገድ አልታየውም።

«ይሁን» አለ ክፍሌ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እርስዎ መምህሬ ነዎት። መዝገቡን ሳልነካ ልጁን ታሟል ብዬ ላወጣው እችላለሁ። ግን ሠላሳ ስምንት ብዬ ወደ በላይ አስተላልፌያለሁ። ሠላሳ ሰባት ሰው ይዤ ብሄድ ሠላሳ ስምንተኛው እኔው ነኝ። ከዚህ ወገን ያጎደልከውን ከዚያ ታጎድላለህ ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉ? አንድ ካወጣሁ አንድ ማስገባት አለብኝ።» መሳቢያውን ከፍቶ እስክሪብቶና ብጣሽ ወረቀት አወጣና ፊቱ አኖረለት። «አንድ ስም ይጻፉልኝ። ዕጣው ከሳታቸው ቤቶች የፈለጉትን። ወይም ደግሞ… ካሕሳይ ስንት ዓመቱ ነው?»

«ሃያ» አለ መድኃኔ። አፉ እንዴት እንደመለሰ አላወቀም።

«እስከ ማክሰኞ ስድስት ሰዓት እጠብቅዎታለሁ።»

መድኃኔ እስክሪብቶውን አነሳ። ያነሳው እውነት ነው፤ ጸሐፊው በበሩ አይቶታል። ዕጣ ከሳታቸው ዐሥራ ስድስት ቤቶች የማንን ልጅ ይጻፍ? የጎረቤቱን? ዐይን ለዐይን ተያይቶ ነገ እንዴት ደህና አደርክ ይበለው? ስም ላለማየት ዐይኑን የሸፈነ ሰው አሁን የሚፈለግበት አንድ ስም ብቻ ነው፤ ያውም የራሱ ሆድ የሚያውቀው። እስክሪብቶውን መልሶ አስቀመጠና ተነሥቶ ሄደ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን አልሄደም። ሰኞ ምሳ ላይ ካሕሳይ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ በላ። ካሕሳይ በትምህርት እንደ ሙሉዓለም አልነበረም፤ ሳቂታ፣ ኳስ ወዳድ፣ ምግብ ላይ የማይሰንፍ ልጅ ነው። የሆነ ቀልድ አውርቶ ራሱ ሳቀበት። መድኃኔ የልጁን አንገት አየ፣ የወጣት ቀጭን አንገት፣ ከሸሚዙ ወጣ ያለ። ለምብራት ምንም አልነገራትም። «ምን ሆነሃል?» ስትለው «ራሴን አሞኝ ነው» አላት። ቢነግራት ምን እንደምትል ያውቃል። ደግሞም እሷ «ልጄን አትነካም» ብላ ብትጮህለት በእሷ ማሳበብ ይችል ነበር። ያን እንኳ አላደረገም፤ ብቻውን ተሸከመው። ይህን አንድ ነገር መዝግቡለት።

ማክሰኞ ትምህርት ቤት ነበር። ከአምስት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ዐሥራ አንደኛ ክፍል ገብቶ አንድ እኩልታ ሰሌዳው ላይ ጻፈ። የግራውን ጻፈ፣ የእኩል ይሆናል ምልክቱን ጻፈ፣ ከዚያ ጠመኔውን ይዞ ጀርባውን ለተማሪዎቹ ሰጥቶ ቆመ። ከዚያ ተነሥቶ ቢሮጥ ቀበሌው የሩብ ሰዓት መንገድ ነው። ልጆቹ መጀመሪያ የሚያስብ መሰላቸው፣ ቀጥሎ ማንሾካሾክ ጀመሩ፣ ኋላ ፈርተው ዝም አሉ። የስድስት ሰዓት ደወል ተደወለ። መድኃኔ የጻፈውን በእጅጌው አጥፍቶ ወጣ።

የገዛ ልጁን መረጠ። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው። ከእኛ ውስጥ ማን የተለየ ያደርግ ነበር የሚለውን ለየራሳችሁ ጠይቁ፤ እኔ ራሴን ጠይቄ መልሱን ሰው ፊት አልናገረውም።

የቀረውን ቶሎ ልንገራችሁ። ሙሉዓለም ከማሰልጠኛ ሁለት ደብዳቤ ጻፈ፣ ከሰሜን አንድ። ከዚያ በኋላ ምንም አልመጣም። ደርግ ወድቆ ወታደሩ ሲበተን፣ እየለመኑም እያነከሱም የተመለሱ ነበሩ፤ እሱ በመካከላቸው አልነበረም። ካሕሳይ በሁለተኛው ሙከራ ማትሪክ አለፈ፣ ኮሌጅ ገባ፣ ዛሬ ሥራ ያለው፣ ልጆች ያሉት ሰው ነው። አባቱ ማክሰኞ ስድስት ሰዓት ላይ ምን እንዳደረገለት አያውቅም። መድኃኔ የቅዳሜውን ትምህርት ተወ። ልጆች በሩን ሲያንኳኩ ምብራት «አሞታል» ትላለች። ልጆቹ የዘንድሮ ናቸው፣ ምን ያውቃሉ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግመው ያንኳኳሉ። ትምህርት ቤቱ ጡረታ እስኪያወጣው ድረስ ግን ማስተማሩን አላቆመም፣ እንጀራ ነውና። ስለ ባግዳዱ ሰውዬ ለአንድም ክፍል ደግሞ አላወራም ይላሉ።

ግን የተመልማዮቹን መሄጃ ዕለት ሳልነግራችሁ ብቀር ምንም አልነገርኳችሁም ማለት ነው። ሐሙስ ጠዋት ነው። ሁለት የጭነት መኪናዎች የቀበሌው ግቢ ውስጥ ቆመዋል። ሙዚቃ በድምፅ ማጉያ ያጓራል፣ እናቶች ደግሞ ከሙዚቃው በላይ ያለቅሳሉ። መድኃኔ ሳይመጣ ሊቀር ነበር፤ ካሕሳይ ነው «ሙሉዓለምን ሳንሸኘው?» ብሎ ጎትቶ ያመጣው። ካሕሳይ የጓደኛውን ሻንጣ ተሸክሞ እስከ መኪናው ድረስ አደረሰ፣ ተቃቀፉ። ሙሉዓለም ከመኪናው ላይ ሆኖ መምህሩን ፈልጎ በዐይኑ አገኘው፣ እጁንም አነሳለት። መድኃኔም አነሳ።

እትዬ ዘቢደር አላለቀሰችም። መኪናዎቹ ወጥተው አቧራው ሲበርድ በሰው መሐል እየተጋፋች መጣች፤ ወደ እሱ ነበር የምትመጣው። መድኃኔ እንድትሰድበው፣ ፊቱ ላይ እንድትተፋ በልቡ ለመነ። ባርኔጣውን አወለቀ።

«ጋሽ መድኃኔ፣ ስፈልግዎት ነበር» አለችው። እጁን በሁለት እጇ ያዘችው። «ላመሰግንዎት ነው። የትልልቆቹን ጊዜ ያውቃሉ። ማን ጠቆመብኝ፣ ማን ጠላኝ እያልኩ ስምንት ዓመት ሙሉ ጎረቤቴን ሁሉ ስጠረጥር ኖርኩ። እሳት ልጭር የገባሁበትን ቤት ሁሉ፣ አይዞሽ ያለኝን ሁሉ ጠረጠርኩ። ሰው ጠርጥሮ መኖር መርዝ ነው፣ አይችሉትም። ይሄኛውን ግን ማንም አልመረጠብኝም። ስሙን ያየ ሰው የለም፣ ዐይንዎን ሸፍነው ነው የሠሩት አሉኝ። ዛሬ ወደ ቤቴ ስመለስ የምጠረጥረው ሰው የለኝም። ጌታ ይባርክዎት።»

ካሕሳይ ከአባቱ ጎን ቆሞ፣ ባዶ እጁን እያፍተለተለ፣ ወደ መሬት ያያል። እትዬ ዘቢደር የመድኃኔን እጅ አልለቀቀችም። መልስ ትጠብቃለች።

«አሜን» አለ መድኃኔ።